ድረ ገጽና ማኅተም

የኤሌክትሮኒክ አስተዳደር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኮምፒዩተር መግዛትንና ድረ ገጽ መክፈትን ነው። እኛ ግን ቃሉን ከዚህ ጠበቅ አድርገን እንይዘዋለን። አስተዳደር ማለት ጉዳይን መቀበል፣ መመርመር፣ መወሰንና ውሳኔውን ለባለጉዳዩ ማድረስ ነው፤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማይሠራ ድረ ገጽ፣ የምረቃውን በዓል በፎቶግራፍ ቢያሳየንም፣ ከግቢው በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ አይለይም።

እስቲ ነገሩን ከምናውቀው ቦታ እንመልከተው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ አንድ ምሩቅ ሥራ አገኘና ቀጣሪው የትምህርት ማስረጃው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክለት ጠየቀው እንበል። ልጁ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቆ ወደ ጎንደር ይወርዳል፤ ፒያሳ አልጋ ይይዛል፤ በማግሥቱ ከሬጂስትራሩ መስኮት ይቆማል። እዚያም፣ «የወጪ መጋራት ዕዳህን ስለ መክፈልህ ከገቢዎች ማረጋገጫ አምጣ» ይባላል። ገቢዎች ሲደርስ ደግሞ፣ «ዕዳህ ስንት እንደ ሆነ ከዩኒቨርሲቲው አጽፈህ ና» ይሉታል። እንግዲህ ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚነጋገሩት በልጁ እግር ነው ማለት ነው። የመኪናውን፣ የአልጋውንና የፎቶ ኮፒውን ሒሳብ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ሒሳቡ በየትኛውም መሥሪያ ቤት በጀት ስለማይገባ ግን እንደ ወጪ የሚቆጥረው የለም።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ሰውየው ሳይሆን ደብዳቤው እንዲመላለስ ማድረግ። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኤክስ ሮድ በሚባል ሥርዓት መሥሪያ ቤቶቿ መረጃን እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ አድርጋለች። «ማኅተም የሌለበት ወረቀት እንዴት ይታመናል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለው ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥተውታል። አቅም የለም እንዳይባልም፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ ውጤቱንም ተፈታኞች በድረ ገጽ አይተዋል። ፈተናን በዚህ መንገድ መስጠት የቻለ፣ ማስረጃን መስጠት እንዴት ያቅተዋል?

ይሁን እንጂ መስኮቱ ይዘጋ አንልም። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ ጉዳዩ በሙሉ በድረ ገጽ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገጠሩ ተማሪ ከነጭራሹ ደጅ በቀረ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም በሮች ክፍት ይሁኑ፤ ሦስተኛ በርም ይኑር። በ1990ዎቹ ወረዳዎችን ለማገናኘት ወረዳ ኔት የተባለ መስመር ተዘርግቶ ነበር፤ ማመልከቻን በወረዳ ጽሕፈት ቤት በኩል መቀበል ከዚያ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ጎንደርም ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ አገልግሎቱን ሕዝቡ ካለበት ያደርስ ነበር።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ስምና ውጤት ለሁሉ በሚታይ ገጽ መለጠፍ ግልጽነት አይባልም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና።

መሥሪያ ቤቶቹ እስኪገናኙ ድረስ ማኅበራችን አሁኑኑ ሊጠይቀው የሚችል ትንሽ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሰነድ፣ ክፍያው፣ የሚፈጀው ቀንና የሚመለከተው ክፍል ተዘርዝሮ በድረ ገጹም በግድግዳውም ይውጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎቱንና አሠራሩን እንዲያሳውቅ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አስቀድሞ ያዝዛል። ይህ ሲሆን ከደባርቅ የሚነሣው ምሩቅ ምን እንደሚጎድለው ገና መኪና ሳይሳፈር ያውቃል።