የፊደል ግድፈት ሊያርም የመጣ እንግዳ

ጥያቄ፦ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌራችንን መመሪያ ኮድ የማይጽፉ ሰዎችም እንዲያሻሽሉት ጋብዘን ነበር። ማንም አልመጣም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ «እንዴት ልርዳ» የሚለውን ገጻችሁን ክፈቱና የመጀመሪያውን መስመር አንብቡ። ጊትን ጫኑ፣ ተርሚናል ክፈቱ ይላል? እንግዲያው አንዲት ግድፈት ሊያርም የመጣው መምህር ከደጃፍ ተመልሷል። ጊትሀብ ላይ አካውንት ያለው ሰው የእርሳስ ምልክቷን ተጭኖ በብራውዘር ብቻ ማረም ይችላል፤ የራሱን ቅጂ ጊትሀብ ያዘጋጅለታል። ይህን በስዕል አስደግፋችሁ ከላይ አስቀምጡት። የሊብሬኦፊስ መመሪያ ጸሐፊዎችማ የሚጽፉት በዚያው በሊብሬኦፊስ ራይተር ነው፤ ማርክዳውን መማር እንኳ አያሻም። «በቀላሉ» የምትለዋንም ቃል ሰርዟት፤ ላልቀለለው ሰው ስድብ ናት። እርማት ሲደርሳችሁ ደግሞ የቅርጹን ስህተት እናንተው አስተካክሉና ቶሎ ተቀበሉት።