የማትናደፈው የውሃ ተርብ

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ ቀጭኗ የውሃ ተርብ እንማማራለን።

ወንዝ ስንወርድ እንደ ስንደዶ የቀጠነች በራሪ ሳር ላይ አርፋ እናያለን። ስሟ ተርብ ስለሆነ ትናደፋለች ብለው በዱላ የሚመቷት ልጆች አሉ። እሷ ግን መርዝም መናደፊያም የላትም።

እንዴት እንለያት?
ትልቁ የውሃ ተርብ ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ አውሮፕላን ይዘረጋል። ቀጭኗ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4ቱን ክንፎቿን ጀርባዋ ላይ ትገጥማለች። ዓይኖቿም ግራና ቀኝ የተራራቁ ናቸው።

አስተዳደጓ
ከእንቁላል የሚወጣው እጭ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው። ጅራቱ ላይ ቅጠል የሚመስሉ 3 መተንፈሻ ስንጥቦች አሉት። የታችኛውን ከንፈሩን እንደ እጅ ወርውሮ የትንኝ እጭ ይዞ ይበላል። ሲያድግ ሳር ይዞ ይወጣና ቆዳውን ገፎ ይበራል። እንደ ቢራቢሮ ተጠቅልሎ የሚተኛበት ጊዜ የለውም።

በሀገራችን
ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኙ የውሃ ተርቦች አሉ። አንዷ ኤላቶኔውራ ፓስኩዊኒ ትባላለች። ይህን ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን የምትኖረውም በደጋ ደን ውስጥ በሚያልፍ ወንዝ ዳር ነው። ሌላዋ ኢስክኑራ አቢሲኒካ ነች፤ በስሟ ውስጥ የሀገራችን የድሮ ስም አለ።

ጥላ ለምን ያስፈልጋታል?
ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ፀሐይ ውሃውን ታሞቀዋለች፣ ዝናብም አፈሩን ጠርጎ ይከተዋል። ያኔ እጩ መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጥላ የምትወደው ተርብ ድሮ ከነበረችበት ወንዝ ከጠፋች ውሃው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ያንን ውሃ ደግሞ እኛም ከብቶቻችንም እንጠጣዋለን።

ምን እናድርግ?
1. የውሃ ተርብ አንግደል።
2. ልብስ ስናጥብ የኦሞውን እጣቢ ከወንዙ ራቅ አድርገን እንድፋ።
3. ወንዝ ዳር ያሉትን ዛፎች አንቁረጥ። እናቶቻችን በማገዶ እንደሚቸገሩ እናውቃለን። ግን ለማገዶ የሚሆነውን ባህር ዛፍ ውሃ ስለሚመጥ ከወንዙ አርቀን፣ ወንዝ ዳር ደግሞ እንደ ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን መትከል እንችላለን። እኛ ጢቾዎች ያለነው ደጋ ላይ ነው፤ እዚህ የቆሸሸ ውሃ ቆላ ላሉትም ይወርድላቸዋል።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ የውሃ ተርብ እጭ በምን ይተነፍሳል? መልሱን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ።

ሳምንት በሌላ ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ ክፍል