ስለ ማንጎ ዛፍና ስለ ነጩ ተባይ

በአሶሳ ለሚኖር ሰው ማንጎ ምን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። ወራቱ በደረሰ ጊዜ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ የምናየው፣ ብዙ ቤተ ሰብም ከሽያጩ ለልጆቹ ደብተርና ጫማ የሚገዛበት ፍሬ ነው። ነገር ግን በዛፉ ላይ ስለ ወረደው ነጭ ተባይ የሚወራው አብዛኛው ከእውነቱ የራቀ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በክፍል የተማርሁትንና በጓሯችን ያየሁትን በጥቂቱ ልገልጽ እወዳለሁ።

ይህ ነጭ ነገር አቧራም ሻጋታም አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነፍሳት ነው። ባለሙያዎች «ዋይት ማንጎ ስኬል» ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙም አውላካስፒስ ቱበርኩላሪስ ነው። የእስያ ተባይ ሲሆን በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ በአንድ የማንጎ እርሻ ላይ ነው። ከዚያም ወደ እኛና ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ ቦታዎች ተዛመተ።

ሴቲቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ነጭ ጋሻ በላይዋ ሠርታ ከሥሩ ትቀመጣለች። ካደገች በኋላ እግርም ክንፍም የላትም፤ መርፌ የመሰለ አፏን በቅጠሉ ውስጥ ተክላ ፈሳሹን እየመጠጠች እዚያው ትኖራለች፤ እንቁላሏንም ከዚያው ጋሻ ሥር ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጡት ግልገሎች በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ሲሆኑ የሚሄዱት በመጀመሪያው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜም ነፋስ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይወስዳቸዋል። ወንዶቹ ግን በእናታቸው አጠገብ ተከማችተው ረዘም ያለ ጋሻ ስለሚሠሩ፣ ቅጠሉ ከሩቅ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። የተመጠጠው ቅጠል ቢጫ ነጥብ ያወጣል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። በፍሬው ልጣጭ ላይም ሮዝ መልክ ያለው ጠባሳ ይቀራል። ፍሬው ለመብላት አይከለከልም፤ ነጋዴው ግን ጠባሳውን አይቶ ዋጋ ይሰብራል።

በአበባው ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ሌላ ነው፤ እርሱ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ስለ ሆነ በድኝ ይታከማል። ለመለየት ነጩን ነገር በጥፍር መፋቅ ነው፤ ጋሻው ተነሥቶ ከሥሩ ነፍሳት ከታየ ተባዩ ነው። በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ትልም የፍሬ ዝንብ ልጅ ነውና ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ ለእርሱ የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ በጥልቅ መቅበር ይጠቅማል።

ታዲያ ብዙ ሰው «መድኃኒት ይረጭ» ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የእኛ ማንጎ ከፍሬ የበቀለ፣ ሳይገረዝ ያደገ፣ ከቤት ጣራ እጅግ የሚረዝም ዛፍ ነው፤ በጀርባ የሚታዘለው መርጫ እስከ ጫፉ አይደርስም። የደረሰውም ቢሆን ነፍሳቱን ጋሻው ይከልለዋል። ከሁሉ የሚከፋው መርዙ የተባዩን ጠላቶች መፍጀቱ ነው፤ እነዚህም ተባዩን የሚበሉ ጥንዚዛዎችና በገላው ላይ እንቁላል የሚጥሉ በጣም ትናንሽ ተርቦች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያሉትን ረዳቶች ከታይላንድ አስመጥታ በእርሻዎቿ ለቅቃለች። በጓሯችንም ንብ፣ ዶሮና ሕፃን መኖሩን አንርሳ።

እንግዲህ ዋናው መሣሪያ መጋዝ ነው። ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ የደረቀውንና የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ ማድረግ፣ የተቆረጠውንም ማቃጠል ወይም መቅበር ይገባል። ለረጅሙና ላረጀው ዛፍ ደግሞ ግንዱን ከመሬት 1 ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ኖራ መቀባት፣ ከሚያቆጠቁጠውም ጠንካራውን መርጦ እንደ አፕል ማንጎ፣ ኬንት ወይም ቶሚ አትኪንስ ካለ ዝርያ የተወሰደ ቅርንጫፍ ማዳቀል ነው። ዛፉ አጭር ሆኖ ስለሚያድግ እጅ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ የሳሙና ውሃ ወይም የተክል ዘይት በቅጠሉ ሥር ቢረጭ ነፍሳቱን አፍኖ ይገድላል።

ነገሩ በቃል ቀላል ነው። አያቴ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው በዚህ ሲሰፍሩ የተከሏቸው ሦስት ዛፎች አሉን። ስለ መቁረጥ ባነሣሁ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ቆርጠህ እስኪያፈራ የሁለቱንና የሦስቱን ዓመት የደብተር ገንዘብ ማን ይሰጥሃል?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ መልስ የለውም፤ ቁረጡ የሚሉን ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባው ግን እርሱ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ አንዱ ብቻ እንዲቆረጥ፣ ሁለቱ እንዲገረዙ ተስማማን፤ የተቆረጠው ሲያፈራ ሁለተኛው ይከተላል። ያለ ገቢ የሚቀር ዓመት ስለማይኖር፣ ዛፉ ከአንድ በላይ ለሆነ ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን አካሄድ እመክራለሁ።

የተገረዙት ሁለቱ ዘንድሮ በታችኛው ቅርንጫፍ የተሻለ ቅጠል ይዘዋል። ነገር ግን ከአጥር ወዲያ ያለው የጎረቤት ዛፍ አልተነካምና ነፋሱ በተነሣ ቁጥር አዲስ ግልገል ያመጣብናል። ስለዚህ ወላጆች በየሰፈራችሁ በአንድ ወር ብትገርዙ መልካም ነው፤ እኛም ተማሪዎች በቅዳሜ ቀን ቅርንጫፍ በመልቀም ልንረዳ እንችላለን።

ችግኝ የምትገዙም ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ቅጠሉን በሁለቱም ገጽ ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ነጭ ነጥብ ካለበት በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ፍሬም ከቦታ ወደ ቦታ ስትጭኑ በማንጎ ቅጠል አትሸፍኑት፤ ሣር ይበቃል።