የጉብኝት ድርሰትና የዐረፍተ ነገር ባለቤት

ባለፈው ትምህርት የገላጭ ድርሰትን ጠባይ ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከገላጭ ድርሰት ዐይነቶች አንዱ የሆነውን የጉብኝት ድርሰት እናጠናለን። ጸሐፊው አንድን ስፍራ በዐይኑ አይቶ፣ ስለ ስፍራው የሚነገረውን በጆሮው ሰምቶ፣ ያንን ላላየውና ላልሰማው አንባቢ የሚያቀርብበት ድርሰት የጉብኝት ድርሰት ይባላል። ከዚሁ ጋር አያይዘን አድራጊ ግስና ተደራጊ ግስ በእንዲህ ያለው ድርሰት ውስጥ የሚሰጡትን አገልግሎት እንመለከታለን። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ትምህርት የተጣመሩበት ምክንያት ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ ግልጽ ይሆንላችኋል።

ምንባብ፤ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳንግላን አልፎ፣ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ ይዘልቃል። የእኛ ጉዞ የተጀመረው ከዳንግላ ነው። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የኖረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ሐይቅና የዓባይን ወንዝ ተዘዋውሮ አጥንቶ፣ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። መምህራችን ይህን ከነገሩን በኋላ፣ «እናንተም ዛሬ ደብተራችሁን አትርሱ» አሉን።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ዐደይ አበባው ገና አልረገፈም። ሜጩና ኑጉ ማሳውን ቢጫ አልብሶታል። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ግን ከአበባው ይልቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረው የከሰል ጆንያ ዐይናችንን ሳበው። በዚህ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እንደ እህል ይዘራዋል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል። ቅጠሉ የተቃጠለ የሚመስል አንድ ሙሉ ኮረብታ እኛም በመስኮት አይተናል።

ከመኪና ወርደን ጥቂት በእግር ከተጓዝን በኋላ አንድ ንብ አርቢ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀበሉን። ከጎጇቸው ጀርባ በትልቅ የብሳና ዛፍ ላይ ሁለት ቀፎዎች ተሰቅለዋል።

«አባባ፣ ቀፎዎ ሁለት ብቻ ነው?» ሲል አንድ ጓደኛችን ጠየቃቸው።

«አባቴ ዐሥራ ሰባት ነበረው፤ ልጄ። ቀፎ መስቀያ ዛፍም ነበረው። ንብ አበባ ይወዳል እንጂ ከሰል አይወድም።» ከዚህ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔም ብሆን ግማሹን መሬት ዲከረንስ ተክየበታለሁ። የልጆቼን የትምህርት ቤት ወጪ የቻለው እሱ ነው» አሉን።

ባለቤታቸው ወደ ጓዳ አስገቡን። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጢስ ታጥኗል። እማማ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውኃ እየሰፈሩ በርዘውታል። ሰፈፉን አንሥተው፣ የጌሾውን እንጨት ቀቅለው ጨምረውበታል። አንዷ ጓደኛችን ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ፣ «እማማ፣ ይንሾካሾካል!» አለች።

«ይተነፍሳል እንጂ! ነፍስ አለው። ለዚህ ነው አፉን በጨርቅ እንጂ በጭቃ የማልመርገው። ካፈንኩት ጋኑን ይሰብርብኛል።»

ለእኛ የቀረበልን ጌሾ ያልገባበት፣ ያልሰከነ ጣፋጭ ብርዝ ነበር። ጠጅ ለመቅመስ የተመኘ አልጠፋም፤ የመምህራችን ዐይን ግን ሁሉንም ያይ ነበር። ማምሻችን ላይ እንጅባራ ገባን። ቀድሞ ኮሶበር ትባል የነበረችው ይህች ደጋ ከተማ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን የሚያከብሩት በዚችው ከተማ ነው። ከከተማው ጥቂት እልፍ ብሎ ያለውን፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን የዘንገና ሐይቅ ለማየት ግን ጀምበር ቀደመችን።

ስለ ምንባቡ

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በአዊ ምድር በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቹን እንዲህ ወዳለ ጉብኝት ወስዶ ነበር። በማግስቱ ከቀረቡት ድርሰቶች አብዛኞቹ የሚከተለውን ይመስሉ ነበር፤

«ማር ከቀፎ ይቆረጣል። በውኃ ይበረዛል። ሰፈፉ ይነሣል። ጌሾ ይጨመርበታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተጣርቶ ይጠጣል።»

ከሰዋስው አንጻር አንድም ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ይህን የጻፈው ተማሪ ከቤቱ ሳይወጣ ሊጽፈው ይችል ነበር። ማሩን ማን ቈረጠው? ማን በረዘው? ሽማግሌው የሉም፤ ባለቤታቸው የሉም፤ ጋኑ ላይ ጆሮዋን ያስጠጋችው ልጅ የለችም። አዘጋጁ በቀይ ቀለም «ማን?» እያለ በየመስመሩ ጻፈበት። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የጠጅ አጣጣል በየትም ቤት አንድ ዐይነት ስለሆነ ማን እንደሠራው ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበርና በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አድራጊና ተደራጊ

አድራጊ ግስ ባለቤቱ ድርጊቱን የሚፈጽምበት ግስ ነው። «እማማ ማሩን በረዙ» ስንል ባለቤቱ «እማማ»፣ ተሳቢው «ማሩን»፣ ማሰሪያው «በረዙ» ነው። ተደራጊ ግስ ደግሞ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ነገር ባለቤት አድርጎ ያቀርባል፤ «ማሩ ተበረዘ» እንደሚለው። በኀላፊ ጊዜ ምልክቱ «ተ» ነው፤ ቈረጠ ተቈረጠ፣ በረዘ ተበረዘ፣ ከደነ ተከደነ፣ ጠነሰሰ ተጠነሰሰ ይላል። በትንቢት ጊዜ ግን «ተ» በሚከተለው ፊደል ድምፅ ስለሚዋጥ አትታይም። «ይበርዛል» አድራጊ ነው፤ «ይበረዛል» ተደራጊ ነው። በሁለተኛው ላይ «በ» ጠብቃ ትነበባለች፤ ጽሑፋችን ግን መጥበቅን ስለማያሳይ ልዩነቱን የምትለዩት ከ«ር» እና ከ«ረ» ነው።

ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ግስም በምንባባችን ዙሪያ አለ። «ጠጁ ፈላ» እንላለን እንጂ «ተፈላ» አንልም። እማማ ያጥንሉ፤ ይበርዙ፤ ይክደኑ፤ የሚፈላው ግን ጠጁ ራሱ ነው። በዐይን የማይታየው እርሾ የማሩን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ልጅቷ የሰማችው መንሾካሾክ ይህ ጋዝ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። «ነፍስ አለው» የሚለው የእማማ አነጋገር እንግዲህ ዘይቤ ብቻ አይደለም።

ተደራጊ ግስ መጥፎ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ልብ በሉ። አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ቦታ ተገቢ ነው፤ በምንባቡም «ሁለት ቀፎዎች ተሰቅለዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አለ። ጥፋቱ አድራጊው እየታወቀ መደበቁ ነው። ስያሜም አንዳንድ ጊዜ እንደዚሁ ይደብቃል። በቀፎ ውስጥ ያለችውን፣ ዕንቁላል የምትጥለውንና መንጋውን የምትይዘውን እናት ንብ አያቶቻችን «አውራ» ሲሉ ጠርተዋታል። አውራ ወንድ ነው። ንቧ ግን እንስት ናት።

አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ

የዚያ ተማሪ ጥያቄ ወደ ፈረንሳይ አገር ይወስደናል። ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ራንስና ኤፐርኔ በተባሉት ከተሞች ዙሪያ ሻምፓኝ የተባለ አውራጃ አለ። የሚያፈላውና የሚያረፋው የወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው ከዚህ አገር ነው። ኮረብቶቹ፣ የመጠጡ ንግድ ቤቶችና ከመሬት በታች በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉት ጓዳዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራንስ በመድፍ ስትደበደብ ሕዝቡ በእነዚህ ጓዳዎች ተጠልሏል፤ ሕፃናትም እዚያው ከጠርሙሶች ጎን ተቀምጠው ትምህርታቸውን ቀጥለዋል።

አሠራሩ ከእማማ ጋን ብዙ የራቀ አይደለም። የሻምፓኝ ሰዎች አንድ ጊዜ የፈላውን ወይን በጠርሙስ ይሞሉና ጥቂት ስኳርና እርሾ ጨምረው አፉን አጥብቀው ይዘጉታል። እማማ የሚፈሩትን ነገር እነርሱ ዐውቀው ያደርጉታል ማለት ነው። መውጫ ያጣው ጋዝ በወይኑ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱም ስድስት አትሞስፌር ያህል ይደርሳል። ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት ከእጥፍ በላይ ነው። በድሮው ዘመን ጠርሙሶቹ በየጓዳው እየፈነዱ ሠራተኛ ያቆስሉ ነበር።

አሁን ጥያቄውን እናንሣ። ይህን ያደረገው ማን ነው? ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው መልስ አንድ ነው፤ ዶም ፔሪኞን። እኒህ መነኩሴ እ.ኤ.አ. ከ1668 ጀምሮ በ1715 እስከ ሞቱ ድረስ የኦቪሌ ገዳም የጓዳ ሹም ነበሩ። ወይን በማጣጣምና በመቀላቀል የታወቁ ብልህ ሰው ነበሩ። ነገር ግን አረፋውን አልፈጠሩም፤ እንዲያውም በዘመናቸው አረፋ እንደ ጉድለት ይቆጠር ስለ ነበር ሊያስቀሩት ይደክሙ ነበር። እርሳቸው ሹመቱን ከመቀበላቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1662 ክሪስቶፈር ሜሬት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአገሩ ነጋዴዎች ወይኑ እንዲያረፋ ስኳር እንደሚጨምሩበት ጽፎ ነበር።

በጠርሙስ ውስጥ የሚፈላ መጠጥ አምቡላው እዚያው ይቀራል። እማማ ጠጃቸውን በጨርቅ ያጠልሉታል፤ የተዘጋ ጠርሙስ ግን እንዴት ይጠለላል? ይህን ችግር የፈታችው ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን ናት። እ.ኤ.አ. በ1805 ባሏ ሲሞትባት ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነበር። የባሏን ንግድ በእጇ አስገብታ መምራት ጀመረች። በ1816 አካባቢ እርሷና ሠራተኞቿ ገበታ አብስተው፣ ጠርሙሶቹን በቀዳዳዎቹ አንገታቸውን ቁልቁል ሰክተው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ አምቡላውን ወደ አፉ ማውረድ ጀመሩ። ከዚያ ከፈት አድርጎ አምቡላውን ብቻ ማስወጣት ነው። ንግድ ቤቷ እስከ ዛሬ «መበለት ክሊኮ» ይባላል። አብሯት የደከመውን የጓዳ አለቃ አንትዋን ደ ሙለርን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

«አረፋው ተፈጠረ፤ አምቡላውም ተወገደ» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ በሁለት ተደራጊ ግሶች ቀብሮታል።

«ባለቤት» የሚለው ቃል በአማርኛ የንብረት ጌታ ማለትም ነው። ሻምፓኞች ይህንንም ዐውቀውበታል። ነጋዴዎች ከሌላ አውራጃ ወይን እያስመጡ በሻምፓኝ ስም በሸጡ ጊዜ ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1911 ዐምፀው ጓዳዎችን ሰብረዋል። የአውራጃው ወሰን በ1927 በሕግ ተከልሏል። ዛሬ በፈረንሳይና በብዙ አገሮች ከዚያ ክልል ውጭ የተሠራ መጠጥ በዚያ ስም አይሸጥም። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ጠይቃ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራርማለች። የሽማግሌው ማር ግን ገበያ ላይ ሲወጣ «የጎጃም ማር» ከመባል በስተቀር የመንደሩ ስም አይነሣለትም።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ተደራጊ ግሶች አውጡ። ከእነርሱ መካከል አድራጊው የሚታወቅባቸውን ወደ አድራጊ ለውጣችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፉ። የለወጣችሁት ሁሉ ተሻሽሏልን? ያልተሻሻለ ካለ ለምን እንደሆነ አስረዱ።

ለ. «ሰፈፍ»፣ «አምቡላ»፣ «ጥንስስ»፣ «አተላ» የሚሉትን ቃላት ትርጉም ከቤተሰቦቻችሁ ጠይቃችሁ እያንዳንዱን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ። አምቡላና አተላ የአንድ መጠጥ አይደሉም።

ሐ. ሽማግሌው «ንብ አበባ ይወዳል እንጂ ከሰል አይወድም» ካሉ በኋላ ዲከረንስ መትከላቸውን ለምን የተናገሩ ይመስላችኋል? ንግግራቸው ከድርሰቱ ቢወጣ ምን ይጎድላል? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

መ. በሰፈራችሁ በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ እንጀራ፣ ጋቢ፣ ገንቦ፣ የፈረስ ኮርቻ ሲሠራ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ከሠሪው ጋር ተነጋገሩ። ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የጉብኝት ድርሰት ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለሠሪው አንብቡለት፤ «እንዲህ አላልኩም» ወይም «እንዲህ አልሠራም» ያለውን አርሙ።