አንድን ተርታ ለሁለት ስለ መክፈል

ፕሮግራም ስንጽፍ አንድን ተርታ በአንድ ጥያቄ ለሁለት መክፈል ዘወትር ያጋጥመናል። በምዝገባ ተራቸው የተጻፉ የአምስት ተማሪዎች ውጤት 62፣ 41፣ 75፣ 48፣ 50 ይሁን፤ ጥያቄውም «ከ50 አያንስምን?» የሚል ነው እንበል።

ብዙዎቻችን በተርታው ላይ ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን፤ መጀመሪያ ያለፉትን፣ ቀጥሎ የወደቁትን እንለቅማለን። ይህ ድካም ብቻ ሳይሆን አደጋም አለበት። በመካከሉ 48 ወደ 52 ቢታረም ባለቤቱ ከሁለቱም ወገን ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ መርምረን ያለፈውን ወደ አንድ ዝርዝር፣ የወደቀውን ወደ ሌላው እንጨምር። 62፣ 75፣ 50 በአንድ ወገን፣ 41፣ 48 በሌላው ይሆናሉ፤ ተራቸውም አይፋለስም።

ለሁለት አዲስ ዝርዝሮች የሚበቃ ቦታ ባይኖርስ? እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1959 በሞስኮ ተማሪ ሳለ ያሰበውና በ1961 ያሳተመው ኩዊክሶርት የተባለው የመደርደሪያ ዘዴ መንገዱን ያሳየናል። ከግራ ተነሥተን የወደቀ፣ ከቀኝ ተነሥተን ያለፈ ስናገኝ ሁለቱን እናለዋውጣለን፤ ጉዞዎቹ ሲገናኙ እናቆማለን። 41 እና 50 ቦታ ይለዋወጡና ተርታው 62፣ 50፣ 75፣ 48፣ 41 ይሆናል። ቦታ ተቈጥቧል፤ ነገር ግን መጨረሻ የተመዘገበው 50 ከ75 ቀድሟል፤ 41ም ከ48 ኋላ ቀርቷል።

እንግዲህ ዘዴውን ከመምረጣችን በፊት «ተራው ዋጋ አለውን?» ብለን እንጠይቅ። ተራውን ጠብቆ የቆመውን ሰው ወደ ኋላ የሚያስቀረው መኪናው ሳይሆን እኛ የጻፍነው ትእዛዝ ነውና።