የጎንደሩ ዲግሪዬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሠራኛል?

ጥያቄ፦ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቄ አገር ቤት ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን የምኖረው ሳኒቬል ነው። እንደገና ከዜሮ ልጀምር?

መልስ፦ ከዜሮስ አይጀምሩም። መጀመሪያ ትምህርትዎ ከአሜሪካው ጋር ተነጻጽሮ ይገመገማል። የጎደለው አጠቃላይ ኮርስ ብቻ ከሆነ ኩፐርቲኖ ያለው ዲ አንዛ ኮሌጅ ቅርብዎ ነው። ከዚያ ብሔራዊው የፊዚዮቴራፒ ፈቃድ ፈተና አለ፤ ማለፊያው ከ800 ነጥብ 600 ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ፈተናም ይከተላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ውጭ አገር ለተማረ የሚጠየቀውን ክሊኒካዊ ልምምድ ነው። ፈቃድ ባለው ባለሙያ ቁጥጥር ሥር እስከ 9 ወር ሊደርስ ይችላል። እባክዎ ጊዜ ማባከን አድርገው አይዩት። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ጉልበት ማለማመድ ያውቁበታል። እዚህ ግን ጉልበቱ ዛሬ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ለክተው፣ ታማሚው ደረጃ መውጣት መቻል አለመቻሉን ጭምር በዕለቱ መጻፍ አለብዎት፤ መዝገቡ ካልተሟላ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። አሠልጣኝዎ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩ፤ እንዲያርምዎትም ይጠይቁት።

እስከዚያው ክሊኒክ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ረዳት (ኤይድ) ሆነው መቀጠር ይችላሉ፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ያ ሥራ ግን ልምምዱን አይተካም።