የማጣቀሻ ዝርዝርዎን ለሰው እጅ ከመስጠትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጥናቱን ጨርሰዋል። ከጨለለቅቱ ተነስተው የኮቸሬን ቀበሌዎች በእግርዎ አዳርሰዋል፤ ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ቁጭ ብለው መጠይቅ አስሞልተዋል። አሁን የቀረው «ሬፈረንሱን ማስተካከል» ብቻ ነው። ፍላሽዎን ይዘው ዲላ ሊወርዱ አስበዋል፤ ወይም አንድ ሰው በቴሌግራም «በአንድ ቀን ጨርሼ እልክልዎታለሁ» ብሎዎታል።

ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ቆም ይበሉ። ሠሪው ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ያስተካክልልዎ ይሆናል። የጠቀሱት ጽሑፍ በእርግጥ መኖሩን ግን አያጣራልዎትም። ጆርናሉ ላይ የሚወጣው ስም ደግሞ የእርስዎ ነው።

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት

• ጆርናሉ ይህን ሥራ አሁኑኑ ይፈልገዋል? የ«ለደራሲያን መመሪያ» ገጹን ራስዎ ያንብቡ። ለምሳሌ ብዙ የኤልሰቪየር ጆርናሎች በመጀመሪያው ዙር ማንኛውንም ስልት ይቀበላሉ፤ የሚጠይቁት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት እንዲሆን ብቻ ነው።
ይጠንቀቁ፦ ይህን የሚያውቅ ሠሪ አይነግርዎትም። ጽሑፉ ውድቅ ቢሆን የከፈሉት በከንቱ ነው።

• የሚሠራው በሶፍትዌር ነው ወይስ በእጅ? መለያው ቀላል ነው፦ ፋይሉን በዎርድ ይክፈቱና ጽሑፉ መሀል ያለ አንድ መጥቀሻ ላይ ጠቅ ያድርጉ። ቦታው ግራጫ ሆኖ ከደመቀ በሶፍትዌር የገባ ነው፤ ካልደመቀ ብዙውን ጊዜ በእጅ የተተየበ ነው።
ይጠንቀቁ፦ በቫንኩቨር ስልት ማጣቀሻዎቹ ቁጥር የሚሰጣቸው በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል ነው። በእጅ ከተተየበ፣ መግቢያው ላይ አንድ ማጣቀሻ ሲጨምሩ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር በሙሉ ይዛባል። እንደገና ይከፍላሉ።

• ዋጋው ስንት ዙር ይሸፍናል? ገምጋሚዎች «ይህንም ጨምሩ» ማለታቸው አይቀርም። ጽሑፉ ወደ ሌላ ጆርናል ሲዞር ከኤፒኤ ወደ ቫንኩቨር መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።
ይጠንቀቁ፦ የማጣቀሻ ቋቱን ፋይል ጭምር እንዲያስረክብዎ አስቀድመው ይስማሙ። ፋይሉ ከሌለዎት በየዙሩ ወደ ሠሪው መመለስዎ ነው።

• ራስዎ ለምን አይሠሩትም? ዞቴሮ የተባለው የማጣቀሻ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ከጫኑት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።
ይጠንቀቁ፦ ኢንድኖት የተባለው ሌላው ሶፍትዌር የሚከፈልበት ነው። «ክራክ አለኝ፣ በነጻ ልጫንልዎ» የሚልዎ ሰው ቫይረስም አብሮ ሊጭንልዎ ይችላል።

ሥራውን ሲረከቡ

• የኢትዮጵያውያን ስም እንዴት ተጻፈ? ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ለሚጽፍ ሰው የማይታለፈው፣ ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ነው። ይህ አንድ ሥራ በአንዱ ዝርዝር በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው፣ በሦስተኛው ደግሞ በአያታቸው ስም ተመዝግቦ ያገኙታል።
ይጠንቀቁ፦ ከሦስት ቦታ ከቀዱ አንዱን ሥራ እንደ ሦስት ደራሲዎች ሥራ ሊጠቅሱት ነው። ብዙ የሀገራችን ጆርናሎች ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ይዘረዝራሉ፤ የእርስዎ ጆርናል የትኛውን እንደሚከተል ይዩ። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን ብቻ ካስገቡት አይገለባበጥም።

• ርዕሱ እንዳለ ተቀድቷል? የዚሁ ሥራ ርዕስ ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ይጠይቃል፤ መጨረሻው ላይም የጥያቄ ምልክት አለው።
ይጠንቀቁ፦ ምልክቷ ስትወድቅ የደራሲው ጥያቄ ማረጋገጫ ይሆናል። «ጌዴኦ» በድሮ ጽሑፎች «ዳራሳ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ይርጋጨፌም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። በርዕስ ውስጥ ያለውን አያርሙ፤ ሲፈልጉ ግን በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጉ።

• ዓመተ ምሕረቱ በትክክል ተቀይሯል? ኅዳር 2012 ዓ.ም. የወጣ ሪፖርት እ.ኤ.አ. 2019 ነው፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. የወጣው ግን 2020።
ይጠንቀቁ፦ ሁሉንም ዓመት በጅምላ ስምንት ወይም ሰባት የሚደምር ሠሪ ግማሹን ያበላሻል። ወሩ ካልታወቀ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ገልጸው ይጻፉ።

• ጽሑፉ በእርግጥ አለ? የጽሑፉ ቋሚ መለያ የሆነው የዲኦአይ ቁጥር በ10 ይጀምራል። ሙሉውን ቁጥር የዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡና የሚከፈተው ርዕስ ዝርዝርዎ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ይዩ። የቆዩና የሀገር ውስጥ ጽሑፎች ዲኦአይ ላይኖራቸው ይችላል፤ እነሱን በቤተ መጻሕፍት ወይም በጆርናሉ ገጽ ያጣሩ።
ይጠንቀቁ፦ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሌለ ጽሑፍ ደራሲና ገጽ ሰጥተው ይፈጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ጠበቆች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። «የጎደለዎትን ሬፈረንስ እኔ እሞላዋለሁ» የሚል ሠሪ ከየት እንደሚያመጣው ይጠይቁት።

• የጠቀሱት ጽሑፍ ተሰርዞ ይሆን? ላንሴት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ጽሑፍ የሰረዘው በ2010 ነው።
ይጠንቀቁ፦ የተሰረዘ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አይጠፋም፤ አውርደውትም ሊሆን ይችላል። ዞቴሮ በቋትዎ ያለ ጽሑፍ ሲሰረዝ ያስጠነቅቃል፤ በእጅ የተተየበ ዝርዝር ግን ዝም ይላል።

• ዋናውን አንብበዋል? አንድን አኃዝ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አግኝተው ዋናውን እንዳነበቡ አድርገው ጠቅሰው ከሆነ፣ የሰውየውንም ስህተት ተሸክመዋል።
ይጠንቀቁ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ዋናው ካልተገኘ ያነበቡትን ይጥቀሱ።

ጆርናሉን ሲመርጡ

• አዘጋጁ «የኛን ጆርናል ጽሑፎች ይጥቀሱ» ብሎዎታል? ጽሑፉ ለጥናትዎ የሚያገለግል ከሆነ ይጨምሩ።
ይጠንቀቁ፦ ያለ ምክንያት አምስት ስድስት እንዲጨምሩ ከተጠየቁ፣ የሚፈለገው የጆርናሉን የመጠቀስ ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው።

• የማሳተሚያ ክፍያ አለ? ኢትዮጵያ የታዳጊ ሀገራትን ተመራማሪዎች በሚያግዘው በሪሰርች ፎር ላይፍ ዝርዝር ምድብ «ሀ» ውስጥ ናት፤ በዚህ ዝርዝር የሚሠሩ አሳታሚዎች ክፍያውን ሊያነሱልዎ ይችላሉ።
ይጠንቀቁ፦ ነጻ መሆን የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ሲያስገቡ ነው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቢጠይቁ «አልፏል» ሊሉዎት ይችላሉ።

• ለደረጃ እድገትዎ ይቆጠራል? የሀገር ውስጥ ጆርናል ከሆነ የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና እንዳለውና እስከ መቼ እንደሚቆይ ያጣሩ።
ይጠንቀቁ፦ ጆርናሉ ገጹ ላይ የለጠፈውን ብቻ አይመኑ፤ መሥሪያ ቤትዎን ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ቢበዛብዎ ይህችን አንዷን አይተዉ፦ ከተሰጠዎት ዝርዝር ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው ሦስት ማጣቀሻ ይምረጡ። ሠሪው አጠገብዎ ቆሞ እያለ ሦስቱንም ፈልገው ይክፈቱ። አንዱ ካልተገኘ፣ ወይም የተገኘው ሌላ ጽሑፍ ከሆነ፣ ቀሪውን ሒሳብ አይክፈሉ፤ ዝርዝሩንም እስከ መጨረሻው ራስዎ ሳያዩ ለጆርናሉ አይላኩ።